የጨረባን ጎጆ ሳይረብሹ ማየት፦ ከሳጥኑ እስከ መጨረሻዋ ጫጩት

«የጨረባ ተዝካር» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ሁሉም በአንዴ የሚጮህበት፣ ማን ማንን እንደሚያዳምጥ የማይለይበት ግርግር ማለት ነው። አባባሉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ወፏን ግን ስንቶቻችን ልብ ብለን አይተናታል? እኔ በበኩሌ አላየኋትም ነበር። ልብ ያልኳት ሜሪላንድ ከገባሁ በኋላ ነው፣ ከቤታችን ጀርባ ባለችው ኩሬ ላይ ዝቅ ብላ እየበረረች፣ ሳታርፍ ውሃ በምንቃሯ ጭልፍ አድርጋ ስትነሳ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ «ሥራ ፈት» እስክትለኝ ድረስ በየዓመቱ ከማርች እስከ ጁን ዓይኔ ከሳጥን ላይ አይነቀልም።

ሳጥን መሥራት ቀላል ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ጀምራችሁ ከምሳ በፊት ትጨርሳላችሁ። የሚከብደው ሳጥኑን መቼ መክፈት፣ በተለይ ደግሞ መቼ አለመክፈት እንዳለባችሁ ማወቁ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ሁለት ዓመት አበላሽቼ ነው። እናንተ እንዳታበላሹ ብዬ ነው የምጽፈው።

የትኛዋ ጨረባ?

ጨረባ ብዙ ዓይነት ናት፤ አብዛኞቹ ደግሞ ሳጥን አይገቡም። አገር ቤት ከድልድይና ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ጭቃ በምንቃራቸው እያመጡ ጠብታ በጠብታ ሲለጥፉ ያያችኋቸው ወገኖች ሳጥን ብትሰጧቸው ዞር ብለው አያዩትም። ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ ያቤሎና ሜጋ አካባቢ ብቻ የምትገኝ ጭራዋ ላይ ነጭ ያላት ጨረባ አለች፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የለችም፤ እሷ የቦረና ሰዎች የሣር ቤት ውስጥ ገብታ ከሰው ጋር ትኖራለች። አውሮፓ ያላችሁም በረት ውስጥና ከኮርኒስ ሥር የምታዩዋት ጭቃ ሠሪዋ ናት፤ ለእሷ የሚሰቀለው ግማሽ ጽዋ የመሰለ ነገር ነው እንጂ ሳጥን አይደለም።

ሳጥን የምትወደው አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ትሪ ስዋሎ የሚሏት ናት። ጀርባዋ ሰማያዊ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ወደ አረንጓዴ የሚያብለጨልጭ፣ ሆዷ እንደ ታጠበ ነጠላ ነጭ። ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ነው። በተፈጥሮዋ የምትኖረው በዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ግን ጉድጓዱን ራሷ መቆፈር አትችልም። ግንደ ቆርቁር ሠርቶ የተወውን፣ ወይም ዛፉ በስብሶ የተከፈተውን ነው የምትፈልገው። ሰው ደግሞ የደረቀ ዛፍ ሲያይ እጁ መጋዝ ላይ ነው። ስለዚህ ወፏ ዘላለሟን የቤት ችግር አለባት፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ እንደሚጠብቅ ሰው። ቤት አጥተው ሰፈር ለሰፈር የሚዞሩ ወጣት ሴቶች ብዙ ናቸው። በጎ ነገሩ ትክክለኛ ሳጥን በትክክለኛ ቦታ ካቆማችሁ በመጀመሪያው ዓመት ተከራይ የማግኘት ዕድላችሁ ጥሩ መሆኑ ነው።

ፐርፕል ማርቲን የምትባል ትልቅ ዘመዷም አለች፤ እሷ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ሰው በሚሰቅልላት ቤት ላይ ጥገኛ ሆናለች። ነባሮቹ የአሜሪካ ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ቅል ቦርቡረው ይሰቅሉላት ነበር፤ ዛሬም ቅል የሚሰቅል አለ። ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል ይባላል፤ እዚህ ወፍ ያኖራል። የእሷ ነገር ግን ራሱን የቻለ ወግ ነው፣ በመንጋ ነው የምትኖረው፣ ለጀማሪም አልመክራትም።

ሳጥኑ

ኬሚካል ያልተነከረ፣ 2 ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጣውላ ግዙ። ሴዳር ወይም ፓይን ይሆናል። ኮምፔንሳቶ አትጠቀሙ፣ ዝናብ ሲጠግብ ይላላጣል። የውስጡ ወለል 5 ኢንች በ5 ኢንች ይሁን፣ ማለትም 13 በ13 ሴንቲሜትር ገደማ። ቁመቱ 10 ኢንች ያህል። መግቢያው ክብ ሆኖ ስፋቱ 1.5 ኢንች (3.8 ሴንቲሜትር)፣ ከወለሉ ደግሞ 6 ኢንች ያህል ከፍ ይበል። የመግቢያውን ነገር አደራ። ትንሽ ካሰፋችሁት ስታርሊንግ የሚሏት ጥቁር ባለጌ ወፍ ትገባለች፤ በ1.5 ኢንች ግን አትገባም።

ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። የጨረባ እግር አጭርና ደካማ ነው፣ ሕይወቷ አየር ላይ ስለሆነ። የተላገ ለስላሳ ጣውላ ከሆነ ከውስጥ ተንጠላጥላ መውጣት ያቅታታል፤ ወጥመድ ሠራችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ከመግቢያው ቀዳዳ በታች፣ በውስጥ በኩል፣ በመጋዝ አግድም አግድም ጫር ጫር አድርጉበት። እንደ መሰላል ያገለግላታል።

ወለሉን አራት ማዕዘኑ ላይ በትራፓኖ ብሱ፣ ውሃ እንዲወርድ። ከላይ በጎንና በጎን ደግሞ ለአየር ትንሽ ክፍተት ተዉ። ጣሪያው ከፊት ወጣ ይበል። ውስጡን ቀለም አትቀቡ። አንዱን የጎን ግድግዳ በብሎን ከላይ ብቻ አስራችሁ እንደ በር የሚከፈት አድርጉት፤ ይህ ከሌለ ማየት የለም። ሱቅ ውስጥ የሚሸጡት ያሸበረቁ የወፍ ቤቶች ብዙዎቹ አይከፈቱም፣ ከመግቢያው ሥርም ለማረፊያ ተብሎ እንጨት ተተክሎባቸዋል። ጨረባ ማረፊያ አያስፈልጋትም፤ እንጨቱ የሚጠቅመው ጠላቷን ነው። ካለው ነቅላችሁ ጣሉት።

ቦታው

ገላጣ ሜዳ፣ ውሃ አጠገብ ከሆነ በጣም ጥሩ። ምግቧ በራሪ ነፍሳት ናቸው፣ በተለይ ከውሃ የሚወጡት ኦሜጋ 3 የሚባለው ስብ ስላላቸው ጫጩቶቹን ቶሎ ያሳድጋሉ። ከቁጥቋጦና ከዛፍ ጥግ ቢያንስ 30 ሜትር ራቁ። ምክንያቱም ቁጥቋጦ ውስጥ ሃውስ ሬን የምትባል አመድማ ቡናማ ወፍ አለች፣ ድምጿ ያምራል፣ ሥራዋ ግን አያምርም፦ ሳጥኑን ፈልጋው ከሆነ ገብታ እንቁላሉን በምንቃሯ በስታ ትሄዳለች።

ዛፍ ላይ አትስቀሉ። አጥር ላይም አትስቀሉ። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ዛፍ ላይ ሰቀልኩ፣ ጥላ ይሁናት ብዬ፣ ጎረቤቴም «እንዴት ያምራል» አለኝ። አምስት እንቁላል ነበር። አንድ ጠዋት ስሄድ ሳጥኑ ውስጥ ሣሩ እንደተነጠፈ አለ፣ ላባው አለ፣ እንቁላል የለም፤ የተሰበረ ቅርፊት እንኳ የለም። እባብ እንደዚያ ነው፣ ንጹህ አድርጎ ነው የሚሄደው። ራኩን የሚሉት ሌሊት እየዞረ ጎጆ የሚዘርፍ አውሬ ቢሆን ኖሮ ሣሩን ጎትቶ በቀዳዳው ያንጠለጥለው ነበር።

ለስላሳ የብረት ቱቦ ትከሉ፣ ሳጥኑ ከመሬት 1.5 ሜትር ያህል ይሁን፣ ቆማችሁ በዓይናችሁ ልክ የምታዩት ከፍታ። ከሳጥኑ ሥር ደግሞ ቱቦው ላይ የምድጃ ጭስ ማውጫ የሚሆነውን የላሜራ ቧንቧ አልብሱት፣ 60 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 20 ሴንቲሜትር ስፋት፣ ከላይ የተደፈነ። እባቡ ሽቅብ ሲወጣ ውስጡ ገብቶ መተላለፊያ ያጣል፣ ራኩንም መቆንጠጫ አያገኝም። ይህ ነገር ከሳጥኑ ሊወደድ ይችላል። ይህን ካልገዛችሁ ግን ሳጥኑንም አትትከሉ፤ የእባብ ሞሰብ ነው የምታቀርቡት።

ፊቱን ወደ ምሥራቅ ብታዞሩት የጠዋት ፀሐይ ያገኛል፣ የሚያዘንበው ነፋስ ከሌላ በኩል ከሆነ ግን ነፋሱን ሸሹ። ብሉበርድ የሚሏት ሰማያዊ ወፍም ይህንኑ ሳጥን ትወዳለች። እንዳይጣሉ ሁለት ሳጥን ከ5 እስከ 6 ሜትር አራርቃችሁ ትከሉ። ጨረባ ሌላ ጨረባ አጠገቧ እንዲገባ አትፈቅድም፤ ብሉበርድን ግን ትታገሳለች። አንዱን እሷ ትይዛለች፣ አንዱን ጎረቤቷ። የራሷን ወገን አባርራ ባዕድ ማስጠጋቷ ይገርመኛል፣ ግን ሥራ ያቀለለልኝ እሱ ነው።

መቼ ይመጣሉ፣ ምን ታያላችሁ

ሜሪላንድ ውስጥ ማርች አጋማሽ ላይ ብቅ ይላሉ። ክረምቱን ፍሎሪዳ፣ የባሕረ ሰላጤው ዳርቻ፣ ኩባና መካከለኛው አሜሪካ ነው የሚያሳልፉት። ከሌሎቹ ጨረባዎች ቀድመው የሚመጡት ነፍሳት በጠፋ ጊዜ የዱር ፍሬ በልተው ስለሚቆዩ ነው። ስለዚህ ሳጥኑን ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ አቁሙት።

መጀመሪያ የምታዩት ጠብ ነው። አንዱ ሳጥኑ ላይ ቆሞ ይንጫጫል፣ ሌላው ከላይ ይወርድበታል፣ አንዳንዴ ተያይዘው ሣር ላይ ይወድቃሉ። እዚህ ላይ ነው የጨረባ ተዝካር የሚባለው ነገር በደንብ የገባኝ። አትግቡባቸው። በሩቁ፣ ከ15 ሜትር በላይ ሆናችሁ፣ በርቀት መነጽር ተመልከቱ። ዝም ብላችሁ ወንበር ላይ ከተቀመጣችሁ በሁለትና በሦስት ቀን ይለምዷችኋል። እኔ ቡናዬን ይዤ ነው የምወጣው።

ወንድና ሴቷን መለየት አስቸጋሪ ነው፣ ሁለቱም ሰማያዊ ከሆኑ። ግን ሴቷ ወጣት ከሆነች፣ ባለፈው ዓመት የተፈለፈለች ማለት ነው፣ ጀርባዋ ቡናማ ይሆናል፣ ሰማያዊው ገና ጣል ጣል ያለባት። እንደዚህ ዓይነት ጥንድ ከገጠማችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ማን ምን እንደሚሠራ ሳትጠራጠሩ ትጽፋላችሁ።

ጎጆ ስትሠራ ሣሩን የምታመላልሰው በአብዛኛው እሷ ናት። ደረቅ ሣር ታነጥፋለች፣ መሐሉን በደረቷ እየተጫነች እንደ ስኒ ታጎደጉደዋለች። ላባ ማምጣት ደግሞ በአብዛኛው የእሱ ሥራ ነው። ላባ ደግሞ ነጭ ይወዳሉ። ላባው ለጌጥ አይደለም፤ ብዙ ላባ ያለበት ጎጆ ውስጥ ጫጩቶቹ በቶሎ ያድጋሉ፣ ተባይም ይቀንስላቸዋል። እስቲ ይህን ሞክሩ፦ ከዕደ ጥበብ መሸጫ ቀለም ያልተነከረ ነጭ የዳክዬ ወይም የዶሮ ላባ ግዙና ኤፕሪል ላይ፣ ነፋስ ባለበት ቀን፣ ሳጥኑ አካባቢ ወደ ላይ ልቀቁት። አየር ላይ ቀልባ ትወስደዋለች። አንዳንዴ ሦስትና አራት ሆነው እየተነጣጠቁ፣ ሆን ብለው እየጣሉት መልሰው እየቀለቡት ይጫወታሉ። ልጆቻችሁን ከስልክ የሚያላቅቅ ነገር ከፈለጋችሁ ይኸው። (የዱር ወፍ ላባ ግን ለቅማችሁ አታስቀምጡ፣ እዚህ አገር ሕግ ይከለክላል።)

ሳጥኑን መክፈት፣ ሳጥኑን መዝጋት

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን።

ከመጀመሪያው ሣር ጀምሮ በሦስት ወይም በአራት ቀን አንዴ መክፈት ትችላላችሁ። በየቀኑ አያስፈልግም። ሰዓቱ ረፋድ ላይ ወይም ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ እንቁላሏን የምትጥለው ጠዋት ስለሆነ ማለዳ አትሂዱ፣ ሲመሽም አትሂዱ። ዝናብ ሲዘንብ ወይም ብርድ ሲሆን ጨርሶ አትክፈቱ። መጀመሪያ ሳጥኑን በጣታችሁ ኳ ኳ አድርጉ፣ ትንሽ ታገሱ፣ ካለች ትውጣ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ እዩ፣ ዝጉ። አንድ ደቂቃ አይሙላ። እንቁላሉ በላባ ተሸፍኖ ስለሚሆን በዓይን አይታይም፤ እኔ የጥርስ ሐኪሞች የሚይዟትን ዓይነት ትንሽ መስታወት እጠቀማለሁ፣ ስልክ ወደ ውስጥ አስገብቶ አንድ ፎቶ ማንሳትም ይሆናል። ፍላሽ አጥፉ። እንቁላልም ጫጩትም በእጅ አይነካም። እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ የሚሠራ የስደተኛ ወፎች ሕግ አለ፣ ጨረባ በዚያ ጥበቃ ሥር ናት። ሌላው፣ በመጣችሁበት መንገድ አትመለሱ። ሳጥኑን አልፋችሁ ዞራችሁ ሂዱ፤ ራኩን የሰው ዱካና ሽታ ተከትሎ ሳጥኑ ሥር የሚያልቅ ከሆነ ምን እንዳለ ይገባዋል።

ጎጆው ካለቀ በኋላ ምንም ሳይሆን ሊቆይ ይችላል። ሳምንት፣ ከዚያም በላይ። «ጥለውት ሄዱ» ብላችሁ እንዳታፈርሱት። ነፍሳት እስኪበዙ እየጠበቀች ነው። የመጀመሪያው እንቁላል በኔ አካባቢ ኤፕሪል መጨረሻ ወይም ሜይ መጀመሪያ ላይ ይመጣል፣ ከፋሲካ ጋር የሚገጥምበት ዓመት አለ። ድፍን ነጭ፣ ከ2 ሴንቲሜትር ትንሽ ያነሰ። በቀን አንድ ትጥላለች፣ ብርድ ከመጣ አንድ ቀን ልትዘል ትችላለች። ጠቅላላው ከ4 እስከ 7 ነው፣ ብዙ ጊዜ 5 ወይም 6።

በዚህ ጊዜ እንቁላሉ ቀዝቃዛ ነው፣ እናትየዋም አትገኝም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል። አትደንግጡ፤ መታቀፍ የምትጀምረው የመጨረሻው ወይም ከመጨረሻው በፊት ያለው እንቁላል ሲመጣ ነው፣ ሁሉም በአንድ ሰሞን እንዲፈለፈሉ። የምትታቀፈው እሷ ብቻ ናት። ሆዷ ላይ ላባው ረግፎ ባዶ ቆዳ ይሆናል፣ ሙቀቷ በቀጥታ ለእንቁላሉ እንዲደርስ።

መታቀፍ በጀመረች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳጥኑን ተዉት። ያኔ ካስደነገጣችኋት ጥላ ልትሄድ ትችላለች። ሳምንት ካለፈ በኋላ አንዴ ብታዩ ችግር የለውም፣ ያውም ምግብ ፍለጋ ስትወጣ ጠብቃችሁ። መታቀፉ 14 ወይም 15 ቀን ነው የሚወስደው። እዚህ ላይ ወረቀትና እርሳስ አውጡ፣ ምክንያቱም ቀጥሎ ያለው ሁሉ በሒሳብ ነው የሚሄደው።

እንበል የመጀመሪያዋን እንቁላል ሜይ 1 አያችሁ። አምስት ብትጥል ሜይ 5 ትጨርሳለች። 14 ቀን ጨምሩ፣ ሜይ 19 አካባቢ ይፈለፈላሉ። 12 ቀን ጨምሩ፣ ሜይ 31። ያን ቀን ካለንደሩ ላይ በቀይ አክብቡት። ከዚያ በኋላ ሳጥኑ አይከፈትም። በቃ። እናታችሁም ብትመጣ አይከፈትም። ጫጩቶቹ የሚወጡት ከ18 እስከ 22 ቀን ሲሆናቸው ነው፣ ማለትም ጁን 6 እና ጁን 10 መካከል።

ለምን? ሁለተኛውን ዓመት ልንገራችሁ። ቱቦ ተክዬ፣ ቧንቧ አልብሼ፣ ሁሉን አሟልቼ፣ ዘመድ ቤት መጣ። ልጆቹ «እስቲ አሳየን» አሉ። ጫጩቶቹ 16 ቀናቸው ነበር፣ ላባ ለብሰዋል፣ ያምራሉ። እኔም ልታይ ልታይ ብዬ በሩን ከፈትኩት። አንዷ ዘለለች። ሌላዋ ተከተለች። መብረር አይችሉም፣ ሣሩ ላይ ተበተኑ፣ እናትና አባት ከላይ እየወረዱ ራሴን ሊጭሩኝ ይደርሳሉ፣ ልጆቹ ይጮኻሉ፣ የጎረቤት ድመት አጥር ላይ ተቀምጣ ታያለች። አራቱን ሰብስበን መለስናቸው፣ አምስተኛዋን አላገኘናትም። እንዲህ ከገጠማችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ መልሷቸው፣ መግቢያውን በጨርቅ ደፍናችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ሲረጋጉ ጨርቁን ቀስ ብላችሁ ንቀሉና ከአካባቢው ጥፉ። «የሰው እጅ የነካውን እናት ትጠላለች» የሚባለው ወሬ ነው። በእጅ አይነካም ያልኩት ለዘወትር ነው፣ ይህ ደግሞ የማዳን ነገር ነው።

ከተፈለፈሉበት ቀን እስከ 12ኛው ቀን ግን በሁለት በሦስት ጉብኝት ብዙ ታያላችሁ። መጀመሪያ ራቁታቸውን፣ ሮዝ፣ ዓይናቸው የተከደነ፣ አንገታቸው ጭንቅላታቸውን የማይችል ናቸው። ጥቂት ቀን ቆይቶ ከቆዳቸው ሥር የላባው ጥቁር መስመር ይታያል። ሳምንት ሲጠጋቸው ዓይናቸው ይከፈታል። ከዚያ ላባው እንደ እርሳስ ጫፍ ሾሎ ይወጣል፣ በሁለተኛው ሳምንት ሽፋኑ ይፈነዳና ሰማያዊ ሳይሆን ግራጫ ቡናማ ልብስ ለብሰው ታገኟቸዋላችሁ። የሚፈለፈሉበትን ቀን ካላያችሁ ዕድሜያቸውን በዚህ ገምቱ። ከተጠራጠራችሁ እንዳለፈ ቁጠሩትና አትክፈቱ።

ከሩቅ መቁጠር

ሳጥኑ ከተዘጋ በኋላ ነው እኔ ይበልጥ የምወደው ጊዜ። ወንበር፣ መነጽር፣ ደብተር፣ ሰዓት። ግማሽ ሰዓት ተቀመጡና ሦስት ነገር ጻፉ፦ ስንት ጊዜ ገቡ፣ ማን ገባ፣ ስንት ጊዜ ነጭ ነገር ይዘው ወጡ። በሰዓት ከ10 እስከ 20 ጊዜ ምግብ ማምጣት የተለመደ ነው። የሚያመጡት አንድ ነፍሳት አይደለም፣ ብዙ ጠቅልለው በአፋቸው እንደ ጉርሻ አድርገው ነው። ጫጩቶቹ ሲያድጉ ጭንቅላታቸው በቀዳዳው ብቅ ይላል፣ ወላጅ ሳያርፍ አጉርሶ ይሄዳል። ነጩ ነገር ኩሳቸው ነው፣ በስስ ከረጢት ተጠቅልሎ ይወጣል፣ ወላጆቹ አንጠልጥለው ወስደው ኩሬው ላይ ይጥሉታል። ዳይፐር ቀይሮ የሚያውቅ ሰው ይቀናል።

ብርድና ዝናብ በተከታታይ ሁለት ቀን ከቆየ ቁጥሩ ሲወርድ ታያላችሁ። ነፍሳት በብርድ አይበሩም፣ ጨረባ ደግሞ የማይበር ነገር አደን አትችልበትም። አንዳንዴ ሙሉ ጎጆ ይሞታል። ይህ የናንተ ጥፋት አይደለም፣ ልትረዱም አትችሉም። ያኔ ሳጥን ከፍቶ ማየት ግን ጥፋት ነው።

ሌላ አስቂኝ ነገር። አባትየው ቀኑን ሙሉ ሲያመላልስ አይታችሁ «ምስጉን አባት» ትላላችሁ። የዘር ምርመራ ያደረጉ ተመራማሪዎች ግን ከግማሽ በላይ በሆኑ ጎጆዎች ውስጥ ቢያንስ አንዷ ጫጩት የሌላ ወንድ ልጅ ሆና አግኝተዋታል። እሱ ይወቅ አይወቅ እንጃ፣ ጉርሻውን ግን ለሁሉም እኩል ያደርሳል። ባለቤቴ ይህን ስነግራት «እና አንተ ይህን ለማወቅ ነው ፀሐይ ላይ የምትቀመጠው?» አለችኝ።

ሳጥኑ ላይ ድንቢጥ እንዳትገባ ደግሞ ንቁ። የማወራው እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ከአውሮፓ መጥታ ብሩክሊን ስለተለቀቀችው የቤት ድንቢጥ ነው። በ1.5 ኢንች ቀዳዳ ትገባለች፣ ጨረባዋን ሳጥን ውስጥ አግኝታ ራሷን ቀጥቅጣ ትገድላታለች። ቆሻሻ፣ ፌስታል ቁራጭ፣ ወረቀት የተደባለቀበት ኮፍያ የመሰለ ጎጆ ካያችሁ የእሷ ነው። እሷን ሕጉ አይጠብቃትም፤ ጎጆዋን አውጥታችሁ መጣል ትችላላችሁ፣ ደጋግማችሁ። ዳቦ ፍርፋሪና ርካሽ ጥራጥሬ ግቢ ውስጥ መበተን አቁሙ፣ የሚጠራት እሱ ነው። እንጀራ ትራፊም ጭምር።

የጻፋችሁትን ነገር ቤት አታስቀሩት። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያለው የወፍ ጥናት ማዕከል ኔስትዎች የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለው፣ ስለ ጎጆ አጠባበቅ አጭር ፈተና ወስዳችሁ ትመዘገባላችሁ፣ ከዚያ ያያችሁትን ቀንና ቁጥር ትሞላላችሁ። ጥቅሙ ቀልድ አይደለም። ሰዎች በየጓሯቸው የሞሉት የጎጆ መዝገብ ተሰብስቦ ሲታይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1991 ባለው ጊዜ ውስጥ ጨረባ እንቁላል የምትጥልበት ቀን እስከ 9 ቀን ድረስ ወደፊት እንደመጣ ታውቋል፣ ጸደዩ እየሞቀ ስለሄደ። ስለዚህ አንድ ቀን ብቻ መጻፍ ብትችሉ የመጀመሪያዋን እንቁላል ቀን ጻፉ።

ሲወጡ

ጎጆ መውጣት የሚለው ቃላችን ለሰው ነው የተሰጠው፣ ግን ከዚህ የበለጠ የሚስማማው የለም። ጠዋት ላይ አንዷ ቀዳዳው ላይ ተቀምጣ ግማሽ አካሏን ታወጣለች፣ ትመለሳለች፣ ታወጣለች። ወላጆቹ ምግብ ይዘው ፊት ለፊቷ ያልፋሉ፣ አይሰጧትም። ከዚያ ድንገት ትለቃለች። ይህን ለማየት ከ18ኛው ቀን ጀምሮ ማለዳ መቀመጥ አለባችሁ፣ እኔ በአራት ዓመት ያየሁት ሁለቴ ብቻ ነው። ሁሉም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ወጥተው ያልቃሉ፣ ተመልሰው ሳጥኑ ውስጥ የሚያድሩበት ነገር ብዙም የለም። ወላጆቹ ለጥቂት ቀን ሽቦ ላይ ደርድረው ያጎርሷቸዋል፣ ከዚያ ሁሉም ይጠፋሉ።

ሳምንት ጠብቁ፣ በሩቁ ድምፅ አለመኖሩን አረጋግጡ፣ ከዚያ ክፈቱ። ያልተፈለፈለ እንቁላል ወይም የሞተች ጫጩት ካለ ጻፉት። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጋችሁ ሣሩን በሙሉ አውጡ፣ በፌስታል አስራችሁ ጣሉት፣ ሳጥኑን በብሩሽ ጠርጉ፣ ወለሉ የተበሳበት ቦታ እንዳልተደፈነ እዩ። መጀመሪያ እንቁላል ኖሮ ከ4 ሳምንት በላይ ምንም ካልሆነ ያኔም እንዲሁ ታጸዳላችሁ፣ ከዚያ በፊት ግን አትንኩት። እኔ ዘንድሮ ሳወጣ 40 ላባ ቆጠርኩ፣ ስድስቱ ራሴ የለቀቅኳቸው ናቸው፣ ጫፋቸውን በመቀስ ቆርጬ ምልክት አድርጌባቸው ነበር። ሳጥኑ ክረምቱን እዚያው ይቁም፣ ብርድ ሲጠና ብሉበርዶች ገብተው ያድሩበታል። ብሎኑን ግን ኖቬምበር ላይ ዘይት ቀቡት፤ ዝጎ አልከፈት ያለኝ ጊዜ በመዶሻ ነው የተገላገልኩት፣ በሩም ተሰንጥቆ ቀረ።